የተቃዋሚው ሚኒስትር ወንበር የማን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ አዲስ ካቢኔ ሲሾም መጀመሪያ የሚጠየቀው «የየት አካባቢ ሰው ነው?» የሚለው ነው። «ከየትኛው ፓርቲ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለረጅም ዘመን ትርጉም አልነበረውም፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበርና። ከተማዋ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ በነበረችባቸው ዓመታት ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች በአንድ ካቢኔ ላይ ዓይናቸውን ጥለው ድርሻቸውን ይቆጥሩ ነበር። ርዕሰ መስተዳድሩ ከዚህ ከሆነ ምክትሉ ከዚያ ይሆናል፤ አንዱ ዞን አንድ ቢሮ ሲያጣ በሌላ ይካካስለታል፤ ያልተካካሰለት ደግሞ ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ አቤት ይላል።

ይህ ሁሉ ቆጠራ ክልሉን ከመፍረስ አላዳነውም። ሲዳማ በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ የራሱን ክልል መሠረተ፣ ደቡብ ምዕራብ ተከተለ፣ በ2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ። ከአንድ ካቢኔ አራት ካቢኔ ወጣ። ቆጠራው ግን ለከተማዋ አንድ ችሎታ ትቶላት ሄዷል፤ የሐዋሳ ነዋሪ ሹመት ማንበብ ያውቅበታል። የደረሰው ቢሮ በጀትና ቅጥር ያለበት ነው ወይስ በዓል ማዘጋጀት የሚበዛበት? ሰውየውን የመረጠው የራሱ ወገን ነው ወይስ ከላይ የተጠቆመ ነው? ነገ ከሿሚው ጋር ቢጣላ ማን ይቆምለታል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ስለ ተሿሚው ሆድ ብቻ ያወራል። እነዚህ ጥያቄዎች የሚመረምሩት ሿሚውን ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በፌዴራል መንግሥቱ የተለመደውን ተቃዋሚዎችን በካቢኔ የማካተት አሠራር በዚህ ዓይን ማንበብ ይቻላል። መስከረም 26 ቀን 2014 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ 22 ዕጩ ሚኒስትሮችን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲያቀርቡ ሦስቱ ከተፎካካሪ ፓርቲዎች የመጡ ነበሩ። የኢዜማው መሪ ብርሃኑ ነጋ (ፕሮፌሰር) ትምህርት ሚኒስቴርን፣ የአብኑ ሊቀ መንበር በለጠ ሞላ (ዶ/ር) ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርን፣ ከኦነግ አመራሮች አንዱ የሆኑት አቶ ቀጄላ መርዳሳ ባህልና ስፖርት ሚኒስቴርን ያዙ። በአዲስ አበባም የኢዜማው አቶ ግርማ ሰይፉ የከተማዋን የኢንቨስትመንት ኮሚሽን እንዲመሩ ተሾሙ።

ያን ሰሞን ሁለት ዓይነት አስተያየት ገበያውን ሞላው። አንደኛው ወገን የመጠፋፋት ፖለቲካ አበቃ ብሎ አጨበጨበ፤ ሌላኛው ተቃዋሚዎቹ ተሸጡ አለ። ሁለቱም የሰዎቹን ልብ ለማወቅ ሲደክሙ የተቀመጡበትን ወንበር መመርመር ረሱ። የእኔ ንባብ ይህ ነው፤ ወንበሩ የፓርቲዎቹ ሆኖ አያውቅም፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። በውሰት ወንበር ላይ ሥራ መሥራት ይቻላል፤ ሥልጣን ተካፈልን ማለት ግን አይቻልም።

410 መቀመጫ ያለው ፓርቲ ምን ቸገረው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 56 የመንግሥትን አስፈጻሚ አካል የሚያደራጀው በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጥምረት እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 74 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮችን ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ወይም ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎች መካከል መርጦ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ስናነብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ጥምረት ማለት ያለ እርስዎ መንግሥት መመሥረት አልችልም ብሎ መደራደር ነው። በአንቀጽ 74 መሾም ግን ጥሪ ነው፤ ጋባዡ ያለ እንግዳውም ማዕዱን መቁረስ ይችላል።

በሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ መጀመሪያ በተገለጸው ውጤት ገዢው ፓርቲ ብልጽግና 410 መቀመጫ አገኘ። አብን አምስት፣ ኢዜማ አራት፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ሁለት፣ የግል ተወዳዳሪዎች አራት ወሰዱ። 410 መቀመጫ ያለው ፓርቲ ሕግ ለማጽደቅም ሆነ በጀት ለማሳለፍ የማንንም እጅ መለመን አያስፈልገውም።

ሹመቱ የምርጫውን ውጤት እንዳልተከተለ ለማየት ደግሞ ከሐዋሳ ርቆ መሄድ አያሻም። ወደ ደቡብ ዘጠና ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዱ ዲላ ይገኛል፤ የጌዴኦ ዞን። ሁለት መቀመጫ በድምፅ ያሸነፈው የጌዴኦ ፓርቲ ከሦስቱ ሚኒስትሮች መካከል አልነበረበትም። ከምርጫው ራሱን ያገለለውና አንድም መቀመጫ የሌለው ኦነግ ግን ነበረበት። አንድ የዜግነት ፖለቲካ የሚያራምድ፣ አንድ የአማራ፣ አንድ የኦሮሞ ፓርቲ፤ የሐዋሳ ሰው ይህን ዓይነት ድልድል ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አያስፈልገውም። የደቡቡ አንጋፋ ተቃዋሚ በየነ ጴጥሮስ (ፕሮፌሰር) የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትን እንዲመሩ ተሾሙ። ክብር ያለው ቦታ ነው፤ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ውስጥ ግን አያስቀምጥም።

ታዲያ ገዢው ፓርቲ ለምን አደረገው? ጊዜውን እናስታውስ። በሰሜን የተጀመረው ጦርነት ወደ አማራና አፋር ክልሎች ዘልቆ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችለውን ትዕዛዝ ከፈረሙ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም። በትግራይ ምርጫ አልተካሄደም፤ በኦሮሚያም ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች በምርጫው አልተሳተፉም። እንዲህ ባለ ሰዓት የቆመ መንግሥት «አገር በሙሉ ከእኔ ጋር ናት» የሚል ፎቶግራፍ ያስፈልገዋል፤ ሦስት ሚኒስትሮች ደግሞ ለዚያ ፎቶግራፍ ርካሽ ዋጋ ናቸው። ይህን ስል ንቀት አይደለም። በጦርነት ወቅት ተቀናቃኝን ወደ መንግሥት መጥራት የብዙ አገር መሪዎች ያደረጉት፣ አንዳንዴም አገር ያተረፈ ውሳኔ ነው። ብቻ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ መታየት አለበት።

የተቃዋሚው ወገን ዋጋ የሚከፈለው በቤቱ ውስጥ ነው። ኢዜማ ከመንግሥት ጋር መሥራትን ለጠቅላላ ጉባኤው አቅርቦ አስወስኗል፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው አካሄድ ነው። ግን ውሳኔው ክርክሩን አልዘጋውም። በሰኔ 2014 መጨረሻ በተካሄደው የፓርቲው ጉባኤ ብርሃኑ ነጋ ለመሪነት ሲወዳደሩ ከፊታቸው የቆሙት የረጅም ጊዜ የትግል ጓዳቸው አቶ አንዱዓለም አራጌ ነበሩ። ፓርቲው ለመንግሥት ምን ያህል ይቅረብ የሚለው ጥያቄ የውድድሩ እምብርት ነበር። ብርሃኑ አሸነፉ፤ ቅሬታው ግን ቀጠለ፣ አባላትም ለቀቁ። የኦነግ ደግሞ የባሰ ነበር። አመራሩ ከ2012 ጀምሮ ተከፋፍሏል፤ ከአመራሩ አንዱ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ ሊቀ መንበሩ አቶ ዳውድ ኢብሳ ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደርገው ነበር። ሊቀ መንበሩ ደጁን መሻገር ያልቻለ ፓርቲ በካቢኔ ተወከለ ሲባል ወኪሉን የላከው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ክፋት አይሆንም።

ትምህርት ሚኒስቴር ለምን ይደጋገማል?

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በሰኔ 1983 በአዲስ አበባ በተካሄደው ጉባኤ የተቋቋመው የሽግግር መንግሥት 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ነበረው፤ ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12፣ የቀረውን ሌሎች ድርጅቶች ተከፋፈሉት። የዚያ መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር የኦነጉ አቶ ኢብሳ ጉተማ ነበሩ። ምክትል ሚኒስትሩ ደግሞ እነዚያው በየነ ጴጥሮስ። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ተቃዋሚ ሲሾም ትልቁ ድርሻ ያው ትምህርት ሆነ።

በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ትምህርት ሚኒስቴር ሰፊ ስም ያለው፣ በየቤቱ የሚታወቅ፣ የተማረ ሰው ሲመራው የሚያምርበት መሥሪያ ቤት ነው። ጠመንጃ የለውም። የገንዘብ ቁልፍ የለውም። በፌዴራል ሥርዓቱ ደግሞ ከአንደኛ ደረጃ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለውን ትምህርት የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው፤ የመምህሩ ደመወዝ የሚወጣው ከክልልና ከወረዳ በጀት ነው። ለሚኒስትሩ የሚቀሩት ደረጃ ማውጣት፣ ብሔራዊ ፈተናና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። መከላከያ፣ ገንዘብ፣ ፍትሕ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ገቢዎች በ2014ቱ ድልድል ለተቃዋሚ አልደረሱም።

ለብርሃኑ ነጋ ግን ፍርድ መስጠት ካለብኝ ከተጠበቀባቸው በላይ ወንበሩን ተጠቅመውበታል። በ1997 ምርጫ ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ተመርጠው ቢሮው ሳይሆን ወህኒ ቤት የጠበቃቸው ሰው፣ ሚኒስትር በሆኑ በአንድ ዓመት ገደማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ አደረጉ። ለዓመታት የፈተና ወረቀት በስልክ ሲዘዋወር ያየ ወላጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሐዋሳም በ2015 መጀመሪያ በአውቶቡስ ተጭነው፣ ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የገቡትን ተማሪዎች አይታለች። ውጤቱ በጥር ሲገለጽ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4 በመቶ። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም በ2015 ተጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ፖለቲካው። እነዚያ ቁጥሮች የተጠራቀሙት ኢዜማ ከመወለዱ በፊት ነው፤ መጽሐፍ ሳይደርሰው፣ መምህር ሳያገኝ፣ በኩረጃ እየተሻገረ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ትውልድ ውጤት ናቸው። ቁጥሩን ቆሞ ያነበበው፣ የወላጁን ቁጣ የተቀበለው ግን የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ነበር። የገዢው ፓርቲ ሰው ሚኒስትር ቢሆን ያንን ቁጥር እንዲያ ባደባባይ ያነብበው ነበር? እጠራጠራለሁ። ብልጽግና ከዚህ ሹመት ያገኘው ትልቁ ትርፍ፣ የራሱ ሰው ሊነካው የማይደፍረውን ቁስል ሌላ ሰው እንዲከፍተው ማድረጉ ነው ብዬ አስባለሁ። ትርፉ ለተማሪው ጭምር ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የገጠር መምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳ፣ ፈተናውን የሚያወጣው ሚኒስትር፣ የሚወቀሰው ሚኒስትር፤ ሥልጣኑና ወቀሳው አንድ ቦታ አልተገናኙም።

የጋራ ኃላፊነት የሚባለው ነገር

አንቀጽ 72 የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በጋራ ለሚወስኑት ውሳኔ በጋራ ተጠያቂ እንደሆኑ ይናገራል። ለአንድ ፓርቲ ካቢኔ ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ፓርቲው አስቀድሞ ተመካክሮ ይገባል። ለተቃዋሚ ሚኒስትር ግን ከባድ ሰንሰለት ነው።

ከአብን ታሪክ በላይ ይህን የሚያሳይ የለም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ። በዚያው ሰሞን የአብን የፓርላማ አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ያለመከሰስ መብታቸው ተነሣ። ሲሾሙ የአብን ሊቀ መንበር የነበሩት በለጠ ሞላ በዚያን ጊዜ የካቢኔ አባል ነበሩ። በስብሰባው ምን እንዳሉ የሚያውቁት አብረዋቸው የተቀመጡት ናቸው። በሕገ መንግሥቱ ፊት ግን ውሳኔው የሁሉም ነው። አንድ ፓርቲ፣ አንዱ ሰው አዋጁን ባወጣው ምክር ቤት፣ ሌላው ሰው አዋጁ በወጣ ሰሞን በእስር ቤት።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት ሌላ ነጥብ አለ። አቶ ክርስቲያን ተራ የምክር ቤት አባል አልነበሩም፤ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። የዋና ኦዲተሩን ሪፖርት ይዞ መሥሪያ ቤቶችን «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ የሚያፋጥጠው ኮሚቴ ማለት ነው። በብሪታንያ ፓርላማ ይህን መሰሉ ኮሚቴ በልማድ ለተቃዋሚ ይሰጣል። ለእኔ በ2014 ከተሰጡት ኃላፊነቶች ሁሉ ክብደት የነበረው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ኮሚቴውን የሚመራ ተቃዋሚ ተቃዋሚነቱን ሳይተው ይሠራል። ሚኒስትር የሆነ ተቃዋሚ መንግሥትን ሲጠይቅ ራሱን መጠየቁ ነው። ጋዜጦቻችን ስለ ሦስቱ ሚኒስትሮች የጻፉትን ያህል ስለዚህ ኮሚቴ ቢጽፉ ኖሮ ጥሩ ነበር።

የተቃዋሚ ወንበር ሲነጠቅ ምን እንደሚመስል ደግሞ ደቡብ ቀድሞ አይቶታል። ኦነግ በሰኔ 1984 የክልል ምርጫ ሰሞን ከሽግግር መንግሥቱ ወጣ፤ 12ቱ መቀመጫዎችም ሆኑ የትምህርት ሚኒስትርነቱ አልያዙትም። በዓመቱ በ1985፣ ፓሪስ ላይ በተካሄደ የተቃዋሚዎች ጉባኤ ምክንያት፣ አምስት የደቡብ ድርጅቶች ከተወካዮች ምክር ቤቱ ተባረሩ። በየነ ጴጥሮስም ከምክትል ሚኒስትርነታቸው ተነሡ። ያኔ እንኳ፣ የሽግግር ዘመኑ መተዳደሪያ የሆነ ቻርተር ተፈርሞ፣ መቀመጫ በቁጥር ተደልድሎ፣ ወንበሩ ሁለት ዓመት አልዘለቀም። ቻርተርም ድልድልም በሌለበት የዛሬው ሹመት ምን ያህል ዋስትና እንዳለው እንግዲህ መገመት አይከብድም።

ሌሎች እንዴት ያደርጉታል?

በዚህ ርዕስ ላይ ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ አሜሪካ ትጠቀሳለች፤ ፕሬዚዳንቶቿ ከተቀናቃኝ ፓርቲ ሰው ወደ ካቢኔያቸው ያስገባሉና። እውነት ነው፤ ምሳሌነቱ ግን ለእኛ አይመችም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ፈረንሳይ በናዚዎች እጅ ስትወድቅ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሁለት ሪፐብሊካኖችን ሾሙ፤ ሄንሪ ስቲምሰንን ለጦር ሚኒስትርነት፣ ከአራት ዓመት በፊት የሪፐብሊካኖች ምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ የነበሩትን ፍራንክ ኖክስን ለባሕር ኃይል። የሪፐብሊካኖች ጉባኤ ሊከፈት ቀናት ብቻ ሲቀሩት ነበር። ፓርቲያቸው በንዴት ከዛሬ ጀምሮ የእኛ አይደላችሁም አላቸው። ሩዝቬልት አገሪቱን ለጦርነት አዘጋጁ፤ በመንገዳቸውም የተቀናቃኛቸውን ጉባኤ አመሱ። ሁለቱም ዓላማዎች በአንድ ሹመት ውስጥ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ሹመት ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዴሞክራቶች ለሪፐብሊካን የሚሰጡት ወንበር በተደጋጋሚ የመከላከያ ሚኒስትርነት ሆኗል። ኬኔዲ ማክናማራን፣ ክሊንተን ዊልያም ኮኸንን፣ ኦባማ መጀመሪያ ሮበርት ጌትስን ኋላም ቸክ ሄግልን አስቀምጠዋል። በጦር ጉዳይ ለስላሳ ናቸው የሚለውን ወቀሳ የሚመክቱበት ጋሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ደግሞ ኦባማ የኒው ሃምፕሺሩን ሪፐብሊካን ሴናተር ጀድ ግሬግን ለንግድ ሚኒስትርነት ጠሩ። ግሬግ ሲለቁ መቀመጫቸውን የሚተካው የግዛቷ ዴሞክራት ገዢ ስለነበር፣ የሚተካው ሰው ሪፐብሊካን እንዲሆን አስቀድመው አስማሙ። እንዲያም ሆኖ በቀናት ውስጥ በኢኮኖሚ ማነቃቂያው ሕግና በሕዝብ ቆጠራው ላይ አልተስማማንም ብለው ራሳቸውን አገለሉ። ፓርቲው አልተጎዳም፣ ሰውየውም ሴናተርነቱን አላጣም። እምቢ ብሎ የሚመለስበት ቤት ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚደራደረው። ካማላ ሃሪስም በ2024 የምርጫ ዘመቻ ሪፐብሊካን ሚኒስትር እሾማለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ ተሸነፉና ቃሉ አልተፈተነም። ትራምፕ በሁለተኛው ዘመናቸው የሾሟቸው ሮበርት ኬኔዲ ትንሹና ቱልሲ ጋባርድ ግን ከዴሞክራቶች አስቀድመው የወጡ ሰዎች ናቸው፤ የቀድሞ ተቀናቃኝን መሾም ከተቀናቃኝ ፓርቲ መሾም ጋር አይተካከልም።

የአሜሪካ ካቢኔ በምክር ቤት ድምፅ አይቆምም አይወድቅም፤ የጋራ ተጠያቂነትም የለበትም። እኛ የፓርላማ ሥርዓት ስላለን መመልከት ያለብን ሌላ ቦታ ነው።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ኮንሰርቫቲቮችና ሊበራል ዴሞክራቶች ተጣምረው መንግሥት ሲመሠርቱ ስምምነታቸውን ጽፈው አሳተሙ። ያም ሆኖ ትንሹን ፓርቲ አላዳነውም። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንዳይጨምር ቃል ገብቶ የተመረጠው ሊበራል ዴሞክራት፣ ክፍያው ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ ሲል ጉዳዩ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት የያዘው የራሱ ሰው ቪንስ ኬብል ነበር። በ2010 የነበሩት 57 መቀመጫዎች በ2015 ስምንት ሆኑ። የትምህርት ፖሊሲ በተቃዋሚ እጅ ሲወድቅ ማን እንደሚቀጣ ለማወቅ ለሚፈልግ ኢዜማ ይህን ታሪክ በደንብ ቢያጠናው አይጠላም።

ኬንያ ሁለቱንም ዓይነት ሞክራለች። እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ከሺህ በላይ ሰው ባለቀበት ሁከት ምክንያት፣ በኮፊ አናን አሸማጋይነት እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2008 ስምምነት ተፈረመ። ኪባኪ በፕሬዚዳንትነት ቀጠሉ፣ ተቀናቃኛቸው ኦዲንጋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ለዚያም ሲባል ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፣ ካቢኔውም ወደ አርባ ሚኒስትር አበጠ። ውድ ነበር፣ ግን የተጻፈ ነበር። በ2024 ደግሞ ወጣቶች በግብር ሕግ ላይ አደባባይ ሲወጡ ፕሬዚዳንት ሩቶ ከኦዲንጋ ፓርቲ አራት ሰዎችን ወደ ካቢኔ አስገቡ፤ ከነዚህም ጆን ምባዲ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። እዚህ ላይ ከእኛ ይለያሉ፤ ገንዘብ ሚኒስቴርን ለተቀናቃኝ መስጠት ቀልድ አይደለም። ግን ሰዎቹ ሲገቡ በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል ስምምነት አልነበረም፤ ሰነዱ የተፈረመው በመጋቢት 2025 ነው። ተቃዋሚው በመንገድ ላይ የነበረውን ወጣት ትቶ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ የሚለው ወቀሳ እስከዛሬ ይከተላቸዋል።

ደቡብ አፍሪካ ለጥያቄያችን ከሁሉም ትቀርባለች። በ2024 ምርጫ ገዢው ፓርቲ ኤኤንሲ ከ400 መቀመጫ 159 ብቻ አግኝቶ አብላጫውን አጣ። ከ32 ሚኒስትሮች ስድስቱ የዋናው ተቀናቃኝ የዴሞክራቲክ አሊያንስ ሆኑ። የመግባቢያ ሰነዱ አወዛጋቢ ጉዳይ ሲነሣ ቢያንስ 60 በመቶ የምክር ቤት መቀመጫ ያላቸው ፓርቲዎች መስማማት አለባቸው ይላል። በ2025 መንግሥት የተጨማሪ እሴት ታክስ ሊጨምር ሲል አሊያንሱ እምቢ አለ፤ የበጀት ንግግሩ ተላለፈ፣ በመጨረሻም ጭማሪው ቀረ። እዚያው መሠረታዊ ትምህርትን የያዘችው የአሊያንሱ ሚኒስትር ሲቪዌ ግዋሩቤ ፕሬዚዳንቱ የትምህርት ሕጉን በፈረሙበት ሥነ ሥርዓት ላይ ሳትገኝ ቀረች፤ ሚኒስትርነቷን ግን አላጣችም። ይህ ድፍረት ከባሕርይ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከኋላዋ 87 መቀመጫ ስላለ ነው። ድምፁ ከተነሣ መንግሥቱ ይናጋል።

አራትና አምስት መቀመጫ ያላቸው ኢዜማና አብን እንዲህ ሊሉ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሰዎቹ ወኔ ላይ መጫን አይገባም። መፍትሔው ግን የግድ ብዙ መቀመጫ መጠበቅ አይደለም። ትንሽ ፓርቲም ከመግባቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ፤ የምንስማማበትና የማንስማማበት ጉዳይ ተጽፎ ይታተም፣ ሚኒስትራችንን የምንመርጠውም የምናነሣውም እኛ እንሁን፣ አባላችን ቢታሰር ሚኒስትራችን በይፋ ለመቃወም ነፃ ይሁን። በ2014 ስለ ተሿሚዎቹ ብዙ ተጻፈ፤ ከገዢው ፓርቲ ጋር የተደረገ ስምምነት ግን ለሕዝብ አልታተመም። ሰነድ በሌለበት የተቃዋሚ ሚኒስትር ሲነሣም ሲቀጥልም ምክንያቱን የሚያውቀው ሿሚው ብቻ ይሆናል፤ ፓርቲው ለደጋፊው የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

መስከረም 2014 ሥራ የጀመረው ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመኑ በመስከረም 2019 ይሞላል። ከየትኛውም ምርጫ በኋላ የሚዋቀር ካቢኔ ውስጥ እንደገና የተቃዋሚ ስም ቢሰማ የሐዋሳ ሰው የተለመዱ ጥያቄዎቹን ያነሣል። ከዚያ በፊት ግን በምርጫ ክርክር መድረክ ላይ የሚመጣ ችግር አለ። ስለ ትምህርት ጥራት ሲጠየቅ የብልጽግናው ተወዳዳሪ የፈተናውን ማሻሻያ የመንግሥቴ ሥራ ይለዋል፤ የኢዜማው ተወዳዳሪ የፓርቲዬ ሰው ሥራ ይለዋል። መጽሐፍ ያልደረሰበት የወረዳ ትምህርት ቤት ሲነሣ ደግሞ አንዱ ወደ ሚኒስቴሩ፣ ሌላው ወደ ክልሉ ጣቱን ይቀስራል። ልጁ ፈተናውን የወደቀበት ወላጅ ከሁለቱ የትኛውን በድምፁ ሊቀጣ ነው?